በነጻ የተሰጡ ፊደላት

አጎቴ ታፔላ ጻፊ ነበር። በልጅነቴ ሥራው ሥራ አይመስለኝም ነበር፤ ሰው ቆርቆሮ ላይ ፊደል እየጻፈ እንጀራ ይበላል ብሎ ማን ያሳምነኛል? ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ ይወጣል፣ ማታ ጥፍሮቹ ሥር ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይዞ ይገባል። ሥጋ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ቤት፣ ፎቶ ቤት፤ የሰፈራችን ታፔላ ሁሉ የእሱ እጅ ነበር። የሥጋ ቤቱ ፊደል እግሩ የወፈረ፣ ትከሻው የሰፋ ነው። የፎቶ ቤቱ ደግሞ ቀጠን ብሎ፣ ከኋላው ጥላ ጥሎ ይቆማል። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ ለምን ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርገህ ቶሎ አትጨርስም?" አልኩት።

"ፊደልም እንደ ሰው ነው" አለኝ ብሩሹን ሳያነሳ። "ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት አንድ ልብስ ለብሶ አይሄድም።"

አጎቴ ካረፈ በኋላ ሙት ዓመቱ ሲደርስ፣ የመታሰቢያ መጽሔቱን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ስሙን በራሱ ፊደል ልጽፍለት አሰብኩ። ካሜራ ይዤ የድሮ ሰፈራችንን ዞርኩ፤ አንድም ታፔላ አላገኘሁም። ግማሹ ቤት ፈርሷል፤ በቀረው ላይ ባነር ተሰቅሏል። ከባንኮኒ ቤት እስከ ጥርስ ሐኪም፣ ባነሩ ላይ ያለው ፊደል ያው አንዱ ነው። ለቅሶ ቤቱም ሠርግ ቤቱም አንድ ልብስ ለብሷል።

ወደ ቤት ተመልሼ ኮምፒዩተሬን ከፈትኩ። ከዓመታት በፊት፣ እሱ በሕይወት እያለ፣ ስለ ሙያው እየጠየቅኩ የተየብኩት አሥራ አንድ ገጽ ማስታወሻ ነበረኝ። ፋይሉ እሺ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ ግን አማርኛ የለም። የላቲን ፊደላት፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ኮከብ፣ ነጥብ። የአጎቴ ድምፅ እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ ማንበብ ግን አልችልም።

ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ምሽት ነው። የአንድ ሰው ፊደል ግድግዳ ላይ፣ የአንድ ሰው ቃል ደግሞ ፋይል ውስጥ እንዴት ይጠፋል? መልሱን ፍለጋ ስሄድ ሩቅ ወሰደኝ፤ እስከ 1513 እ.ኤ.አ.፣ እስከ ሮም።

አስተናጋጅና አዝማሪ

መጀመሪያ አንድ ልዩነት እንያዝ። የፊደል ቅርጽ፣ በዘመኑ ቋንቋ ፎንት የምንለው፣ በጥቅሉ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ለንባብ ይሆናል፤ መጽሐፍና ጋዜጣ ውስጥ በትንሽ መጠን ተደርድሮ ይነበባል። ሁለተኛው ለርዕስ ነው፤ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለፊልም ፖስተር፣ ለካሴት ሽፋን፣ ለታፔላ። ጥሩ የንባብ ፊደል እንደ ጥሩ አስተናጋጅ ነው፤ መኖሩን ሳታስተውሉ ጠግባችሁ ትነሣላችሁ። የርዕስ ፊደል ግን እንደ አዝማሪ ነው፤ የቆመው ዞር ብላችሁ እንድታዩት ነው።

በብራናው ዘመን ይህ ልዩነት በእኛ ዘንድ በቅርጽ ላይ አልነበረም። ቁም ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ፣ ጥቁር ቀለሙን በጥብጦ፣ ጽሑፉን በአንድ እጅ ከዳር እስከ ዳር ይወርዳል። ርዕስና የቅዱስ ስም ሲደርስ የሚለወጠው ቀለሙ ነው፤ ጥቁሩ ቀይ ይሆናል። ከገጹ ራስ ላይ ደግሞ ሐረግ ይሳላል። የጽሕፈቱ ዓይነት በዘመናት መካከል ተለዋውጧል፤ የጥንቱ ማዕዘን የበዛበት ነው፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ ጉልሕ የሚባለው ግርማ ያለው ጽሕፈት ነግሧል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ግን ርዕሱንም ገጹንም የሚጽፈው ያው እጅ ነው። ስለዚህ "የርዕስ ፊደል" የሚባል የተለየ ዘር ወደ እኛ የመጣው ከማተሚያ ቤት ጋር ነው ማለት ይቻላል።

ማተሚያው ደግሞ በሰው አገር ነው የጀመረልን።

እርሳሱ የማን ነበር?

በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት ያርፉበት የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አለ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው እዚያ ሲያልፍ መነኮሳቱ ሲዘምሩ ሰማ። ቋንቋውን ሊማር ፈለገና ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከተባለ መነኩሴ ተማረ። በ1513 እ.ኤ.አ. ማርሴሉስ ዚልበር በተባለው አታሚ ቤት መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። የሚገርመው፣ ፖትከን ቋንቋውን "ከለዳዊ" ብሎ ነው የጠራው። ፊደላችን ወደ ማተሚያው ዓለም የገባው በተሳሳተ ስም ነበር።

ከ35 ዓመት በኋላ የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ፤ ሥራው በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። በዚህ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃል። አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም፤ እነ ተስፋ ጽዮን ደግሞ የማተሙን ሙያ አያውቁም። አንባቢና አታሚ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ግማሽ ዕውር ሆነው የሠሩት መጽሐፍ ነው። ይህን ይቅርታ ባሰብኩ ቁጥር የእኔ ፋይል ትዝ ይለኛል። ፊደሉን የሚያውቀው አንድ ሰው፣ መሣሪያውን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲሆን ምን እንደሚደርስ ተስፋ ጽዮን ከእኛ በፊት አይቶታል።

በ17ኛው መቶ ዘመን ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። መጀመሪያ በ1649 እ.ኤ.አ. በሮም፣ ኋላም በ1652 እ.ኤ.አ. በጎታ ከተማ። ከዚያ ወዳጅነት የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1698 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው ወጣ። በ1840 እ.ኤ.አ. የአቡ ሩሚ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለንደን ላይ በሙሉ ታተመ። ቃሉ የእኛ ነው፣ ድካሙም በአብዛኛው የእኛ ሰው ነው፤ እርሳሱ ግን የሰው ነው። የብረት ፊደል መቅረጽ ውድ ሥራ ነበር። አንድ ጊዜ የቀረጸው ቤት ለዘመናት ይዞት ይኖራል፤ ሌላው የሚያትመው በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ነው።

በቀይ ባሕር ዳርቻ ማተሚያ የተተከለው በ1863 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነው፤ ያመጣው የላዛሪስት ሚሲዮናዊው ቢያንኬሪ ነበር። ከፖትከን ዳዊት እስከዚያ ድረስ ቁጠሩት፦ 350 ዓመት።

አዲስ አበባ ላይ አእምሮ ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ ይጻፍ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ከዚያ በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ፤ በ1917 ዓ.ም. በዚያው ስም ጋዜጣው ወጣ። ያን ጊዜ ነው ፊደሉ በገዛ አገሩ፣ ለገዛ አንባቢው፣ በየሳምንቱ መታተም የለመደው።

231 ልጆች ያሉት ቤት

አሁን ስለ ሥራው ክብደት እናውራ፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር አይገባም።

የላቲንን ፊደል በአዲስ ቅርጽ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው 26 ትልልቅ፣ 26 ትንንሽ፣ ጥቂት ቁጥሮችና ምልክቶች ይስላል። ለርዕስ ብቻ ከሆነ ትልልቆቹን 26 ስሎ "ጨረስኩ" የሚል አለ። እኛ ዘንድ 33 ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ አሉ፦ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኗ፣ ሟ። ቁጥሮቹ ከ፩ እስከ ፼ አሉ። ሁለት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ አሉ።

ሥርዓት ስላለው ቀላል ይመስላል። ካዕብ ወገቡ ላይ ወደ ቀኝ ይወጣል፣ ሣልስ እግሩ ሥር፣ ኃምስ ቀለበት ይይዛል። ግን ፊደሉ ለሥርዓቱ ሁልጊዜ አይታዘዝም። "ሩ" እና "ሪ" እንደ "ሉ" እና "ሊ" አይሄዱም። ሳድስማ የየራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱ አንገቱን ይሰብራል፣ አንዱ ራሱ ላይ ጭረት ይጨምራል። አጎቴ "ሳድስ ያጋልጣል" ይል ነበር። ጀማሪ ታፔላ ጻፊ የሚለየው በሳድሱ ነው።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ይህ ብዛት ፈተና ሆነ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። ቁልፎቹ ጥቂት ናቸው፤ ፊደሉ ከ200 በላይ ነው። መፍትሔው ፊደሉን መበታተን ሆነ፤ ግዕዙን ትመታና ከዚያ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ ለብቻው ትጨምራለህ። በመኪናው የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ቤታችሁ ካለ አውጥታችሁ እዩት፤ ቅጥያው ከፊደሉ ጎን ትንሽ ተነጥሎ የቆመበት ቦታ አታጡም። ቢሮው ፈጠነ፣ ፊደሉ ግን ትንሽ ተሰበረ። ያኔ "እንግዲያው ፊደሉ ራሱ ይቀነስ፣ ይሻሻል" የሚለው ክርክር የጦፈው ያለ ምክንያት አይደለም። መሣሪያው ሲጠብብን ጥፋተኛ የሚሆነው ፊደሉ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የርዕሱ ፊደል ከማሽኑ ውጭ ነበር። ለመጽሐፍ ሽፋን ሠዓሊ ይጠራል፤ ለካሴት ሽፋን እጁ የተመሰከረለት ልጅ ይፈለጋል፤ ለሱቅ አጎቴ መሰላሉን ይዞ ይመጣል። ማሽኑ ያልደረሰበት ቦታ ስለነበረ እጅ በነጻነት ይጫወትበት ነበር። ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ።

በየቤታቸው የቀረጹ ሰዎች

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮምፒዩተር ወደ ሰው ቤት ሲገባ አማርኛ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስለ እኛ ገበያ ያሰቡት ነገር አልነበረም። ሥራውን የጀመሩት በግላቸው የተነሡ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ተማሪዎች፣ አዲስ አበባም ውስጥ የነበሩ ባለሙያዎች። ቀን ለሰው ይሠራሉ፣ ማታ ሀን፣ ሁን፣ ሂን እያንዳንዱን በነጥብ ይቀርጻሉ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እኔም እዚህ አልፈርድም። ቁም ነገሩ፣ ከ470 ዓመት በኋላ የፊደሉ መቅረጫ መጀመሪያ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ ባለው ተራ ሰው እጅ መግባቱ ነው።

ያን ጊዜ የርዕስ ፊደላት በአንድ ጊዜ ፈነዱ። አጋፋሪ በተባለው ሥር ከወጡት መካከል ስማቸው ብቻ ታሪክ የሚናገር አሉ፦ "ዘመን"፣ "ዳዊት"፣ "ረጅም"፣ "እጅ ጽሑፍ"። ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ የጽሕፈት ቤቶችን ሞሉ። ወፍራሙ፣ ጠማማው፣ ባለ ጥላው ሁሉ መጣ። ሠርግ ጥሪ ካርድ ያሳተመ ሰው ያውቃቸዋል።

ግን መሠረቱ ላይ ችግር ነበረበት። የዘመኑ ኮምፒዩተር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው 256 ቦታ ነው፤ ከዚያም ግማሹ ለላቲን ፊደል፣ ለቁጥርና ለማሽኑ የውስጥ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ ቤተሰብ እዚያ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ በመሰለው መንገድ አስገባው። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅጥያውን ለብቻ አደረገው፤ አንዱ የላቲኑን ቦታ ወስዶ "ለ"ን በሌላ ፊደል ወንበር ላይ አስቀመጠው። ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው ወንበሩን እንጂ የተቀመጠውን አይደለም። ፎንቱ ካለ "ለ" ይታያል፤ ፎንቱ ከጠፋ ባዶ ወንበሩ ብቻ ይቀራል፣ የላቲን ምልክት ሆኖ።

የእኔ ማስታወሻ የደረሰበት ይህ ነው። የተየብኩበትን ፕሮግራም ስሙን እንኳ አላስታውሰውም፤ ከጓደኛ በዲስኬት የተገለበጠ፣ ያለ ፈቃድ የመጣ ነበር። የእኔ ይቅር፤ የአሥራ አንድ ገጽ ጉዳይ ነው። ግን አስቡት፤ የነጻው ፕሬስ የጦፈባቸው ዓመታት የተተየቡት እንዲህ ነው። የትውልድ ቤት ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልታተመ ልብ ወለድ። ወረቀቱ ከተገኘ ይነበባል፤ ፋይሉ ብቻ የቀረው ግን የተቆለፈ ሳጥን ነው። ለብራና አይጥ ነበር የሚያሰጋው፤ ለእኛ ዘመን ጽሑፍ የገዛ ፎንቱ አሰጋው።

አንድ ወንበር፣ አንድ ፊደል

በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል ገባበት፤ 345 ምልክቶች፣ ለእያንዳንዱ በዓለም ሁሉ የታወቀ አንድ ቋሚ ወንበር። "ሀ" የትም አገር፣ በማንም ማሽን "ሀ" ሆነ። ከዚያ በኋላ ቤቱ እየሰፋ ሄደ። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሌንና ለምእን የሚያስፈልጉት ተጨመሩ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ለጉሙዝ፣ ለባስኬቶና ለጋሞ ጎፋ ዳውሮ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. እንደገና ለጉራጌ። ዛሬ በድምሩ 523 ደርሰዋል።

ወንበሩ ተዘጋጀ፤ የሚቀመጥበት ግን ያስፈልጋል። ደረጃው እንጂ ቅርጹ ከዩኒኮድ አይመጣም። ነጻ ፎንት የሚባለው ነገር ዋጋው የታየው እዚህ ላይ ነው።

ማይክሮሶፍት "ኒያላ"ን ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ይዞ የመጣው 2007 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ከዩኒኮዱ ስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። በመካከል ያለውን ክፍተት የሸፈኑት በግላቸውና በማኅበር ተነሥተው ፎንት ሠርተው በነጻ የለቀቁ ሰዎች ናቸው። የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን "ጂኤፍ ዘመን"ን አወጣ። ኤስ አይ ኤል የእጅ ጽሕፈታችንን ባህል መሠረት ያደረገውን "አቢሲኒካ"ን ለቀቀ።

እኔን የበለጠ የሳበኝ ግን ሰናምርምር የሚባለው ትንሽ ፕሮጀክት ነው። ኩባንያ አይደለም፤ ባለጸጋ ድርጅትም አልነበረም። አንድ ጥቅል ሙሉ የግዕዝ ፎንት ሠርቶ፣ ማንም እንዲወስድ፣ እንዲያባዛ ፈቅዶ ለቀቀ። ስሞቻቸውን አንብቡ፦ "ውቅያኖስ"፣ "ጅረት"፣ "ጥንት"፣ "ዘላን"፣ "ዋሽራ"። ዋሽራን ስሰማ የጎጃሙ የቅኔ ደብር ዋሸራ ነው ትዝ የሚለኝ። ከመካከላቸው ሁለቱ በይገዙ ብስራት ስም የተሰየሙ ናቸው፤ አንደኛው "ጎፈር" ይባላል። የታይፕ ፋውንደሪዎች በፈረንጅ ስም በሚኮሩበት ዓለም፣ ፎንትን በአንድ የአገር ሰው ስም መጥራት የምስጋና መንገድ ነው። እነዚህ ፎንቶች ዛሬም በዴቢያን ሊነክስ ማከማቻ ውስጥ አሉ። ማንም፣ የትም ሆኖ፣ አንድ ትእዛዝ ጽፎ ያወርዳቸዋል።

ሁሉም ቆንጆ ናቸው አልልም። አንዳንዶቹ ሳድሳቸው አጎቴን ያስቆጣው ነበር። ግን ከባነሩ ብቸኛ ፊደል ሌላ ምርጫ አላቸው፤ የቀጠነም፣ የወፈረም፣ የተጠማዘዘም አለ። ያም ሆኖ የሚጻፍባቸው ጽሑፍ ነገም ይነበባል፤ ፎንቱ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ አይጠፋም።

"በነጻ" እና "ነጻ"

አማርኛችን እዚህ ላይ ይወዛገባል። "በነጻ" ስንል ያለ ዋጋ ማለታችን ነው፤ "ነጻ" ስንል ደግሞ ባርነት የሌለበት። በፎንት ዓለም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በዲስኬት ተገልብጦ የመጣልኝ ያ ፕሮግራም በነጻ ነበር፤ ነጻ ግን አልነበረም። ውስጡን ማየት፣ ማረም፣ ወደ አዲሱ ደረጃ ማሸጋገር አይፈቀድም ነበር፤ ሠሪው ሥራውን ሲተወው አብሮት ሞተ።

ኤስ አይ ኤል በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክፍት የፎንት ፈቃድ ይህን ልዩነት በሕግ ቋንቋ አስቀመጠው። ሐሳቡ እንደ መንደር ምንጭ ነው። ቅዱ፣ ጠጡ፣ ለእንግዳ ስጡ፣ ሲደፈርስ አጽዱት፤ ግን አጥራችሁ ምንጩን ብቻውን አትሽጡ። ፎንቱን መጠቀም፣ ማጥናት፣ ማሻሻል፣ ማሠራጨት ይቻላል። ያሻሻለውም ሰው በዚያው ፈቃድ መልሶ ይለቃል። ከዓመታት በኋላ ጉግል "ኖቶ" የተባለውን ቤተሰብ ሲያሠራ፣ በማያ ገጽ ላይ የሚታየውን ባዶ ሣጥን ለማጥፋት ብሎ፣ የግዕዙም ኖቶ በዚሁ ፈቃድ ነው የሚሠራጨው። አሁን ስልካችሁ ላይ ይህን የምታነቡት በእሱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ የሰባት ቤት ጉራጌን ምሳሌ ውሰዱ። በ1990ዎቹ የተሠራ፣ የተዘጋ፣ ያማረ የርዕስ ፊደል ቢኖራችሁ፣ በ2005 እና በ2021 እ.ኤ.አ. የተጨመሩት ፊደላት በውስጡ የሉም። በራሱ ቋንቋ የግጥም መጽሐፍ ያዘጋጀ ወጣት ለሽፋኑ ርዕስ ሲጽፍበት መካከሉ ላይ ሣጥን ይቀመጥበታል። ፎንቱ ነጻ ከሆነ አንድ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ የጎደለውን ይስላል፤ ለሁሉም ይደርሳል። ካልሆነ ግን ባለቤቱን ደጅ መጥናት ነው። ባለቤቱ ከተገኘ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ነጻ ማለት የሠራው ሰው እንጀራ አይብላ ማለት ሊሆንም ይችላል። ከ300 በላይ ቅርጽ አንድ በአንድ መሳል የወራት ሥራ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ወጣት ዲዛይነሮች የሠሩትን የርዕስ ፊደል በቴሌግራም ይለቁና፣ በወሩ ትልቅ ማስታወቂያ ላይ ያዩታል፤ ስማቸው የለም፣ ክፍያ የለም፣ "እግዜር ይስጥልኝ" እንኳ የለም። አጎቴ ድሃ ሆኖ ነው ያረፈው። ታፔላው ግን ተከፍሎበታል፤ ዋጋ ተከራክሮ፣ ቀብድ ተቀብሎ ነበር የሚሠራው። ነጻ ፎንት የሚለቅ ሰው ያንን መብት በፈቃዱ ነው የሚተወው። በፈቃድ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ የተወሰደበት ሰው ስጦታ ሰጠ አይባልም። ስለዚህ ሠሪው "ለግል ሥራ ብቻ" ካለ ያ ይከበር፤ ፈቃዱን ያንብቡት። ሁለት ገጽ አይሞላም። የሚሸጥም ካለ ይገዛ። በነጻ ከለቀቀ ደግሞ ቢያንስ ስሙ በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፍ። የድሮ ጸሐፊ ብራናውን ሲጨርስ "ለጻፈው ይጸለይለት" የሚል አሳብ ጨምሮ ይዘጋ ነበር፤ ከዚያ ያነሰ ነገር መጠየቅ አይመስለኝም።

ከስሙ መጀመር

የመታሰቢያ መጽሔቱ እንዴት ሆነ?

ፋይሉን እንደ ሚስጥራዊ ጽሕፈት ያዝኩት። የማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር ላይ የአጎቴን ሙሉ ስም እንደጻፍኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ እዚያ ያሉትን ምልክቶች ከስሙ ፊደላት ጋር አዛመድኳቸው። ስሙ ውስጥ "ለ" እና "መ" ነበሩ። ከዚያ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚደጋገመው "ነው" እንደሆነ ገባኝ። "ነው" ሲገኝ "ነበር" መጣ፤ "ነበር" ሲገኝ ግማሹ አማርኛ ተከፈተ። ሦስት ሳምንት በየማታው ቁጭ ብዬ አሥራ አንዱን ገጽ በዩኒኮድ እንደገና ተየብኩት። ስድስት ሰባት ቃል አሁንም አልተፈታም፤ ባዶ ትቼዋለሁ።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ስለ ሳድስ ያለውን አገኘሁት። ብሩሹ ከየት እንደሚነሣ፣ የ"ር" አንገት የት ላይ እንደሚሰበር፣ ለሥጋ ቤት ሲሆን ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ስለሚፈስ እግሩን ትንሽ ማሳጠር እንደሚያስፈልግ። ያነበብኩት በአጎቴ ድምፅ ነው።

የመጽሔቱን ርዕስ በአንዱ ነጻ ፎንት አደረግኩት፤ የፎንቱን ስምም በመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፍኩ። የአጎቴን ስም ግን በእሱ መመሪያ ራሴ ሣልኩት። ዘጠኝ ፊደል ነው። ሳድሱ አራት ጊዜ ተበላሽቶብኛል።

አሁን በትርፍ ጊዜዬ የቀረውን እየሣልኩ ነው። ሀ ቤት አልቋል፣ ለ ቤት ላይ ነኝ። ሲያልቅ፣ ካለቀ፣ በክፍት ፈቃድ እለቀዋለሁ፤ የአጎቴንም ስም እሰጠዋለሁ። ሥጋ ቤት ያለው ሰው ይጻፍበት። ሳድሱ ካላማረው ደግሞ ያርመው።